ሙሉ በሙሉ ብላ የፈረመች ሴት

በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት ያገለገለችውን መዝጋቢ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሐኪሙም፣ ጽዳቷም፣ በር ላይ የሚፈትሸው ጥበቃም «ሙሉ በሙሉ» ነው የሚላት። «ሙሉ በሙሉ ገብታለች?» «የለችም፣ ምሳ ወጥታለች።» «በል እንጠብቃታ፤ ሙሉ በሙሉ ሳታየው የሚወጣ ወረቀት የት አለና!»

ስሙን ያወጣላት ከጎኗ ባለው ጠረጴዛ ማህተም ይዞ የሚቀመጠው ሽማግሌ ነው። እሱን ደግሞ እሷ «ጋሽ ማህተም» ትለዋለች። ክፍላቸው መስኮቱ አንድ ነው፤ መደርደሪያው ጣሪያ ይነካል፤ በካርቶን የታጨቀው የበሽተኛ ካርድ ዝናብ በጣለ ቁጥር እርጥብ ውሻ እርጥብ ውሻ ይሸታል። ሁለቱ በዚያች ክፍል እየተነቋቆሩ አርጅተዋል።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ሐኪሞቹ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው። በሽተኛው ሲቀደድም ሆነ ሲወጣ አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ያንን ገጽ እሱ ወደሚገባው ቋንቋ የምትመልሰውና የምትፈርምበት እሷ ናት። ጋሽ ማህተም ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስተኝቶ ያስተያያል፤ ከዚያ ማህተሙን ይመታል። በቃ። ቀላል ይመስላል።

አንድ ጊዜ እሷ ፈቃድ ወጥታ ሳለ ቦታዋ ላይ የተቀመጠ ጸሐፊ የአንዲት አሮጊት ወረቀት ተረጎመ። ሐኪሙ የጻፈው የእግራቸው ቁስል ገና «ኮምፕሊትሊ» አልዳነም ብሎ ነው። ጸሐፊው «ቁስሉ ጨርሶ አልዳነም» አለ። አሮጊቷ ወረቀቱን ሰው አስነብበው ሲሰሙ፣ ያ ሁሉ መርፌና ፋሻ ከንቱ ቀረ ብለው ቀጠሮውን ተዉት፤ ቤታቸው ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። መዝጋቢዋ ተመልሳ ነገሩን ስትሰማ ካርዱን በብብቷ ይዛ ቤታቸው ድረስ ሄደች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ «እማማ፣ ሐኪሙ ያለው እኮ አብዛኛው ድኗል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀርታለች ነው» አለቻቸው። አሮጊቷ ቀና ብለው፣ «ታዲያ እንደሱ አትሉም! ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞቼ ከረምኩ እኮ!» አሉ፤ ነጠላ ጫማቸውንም ፈለጉ።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ወረቀት ተይባ ግድግዳው ላይ የለጠፈችው። «‹ኮምፕሊትሊ› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የቀረ ነገር የለም ማለት ነው። ጥቂት እንኳ ከቀረ ቃሉ አይገባም። ሐኪሙ ከጻፈው ‹ሙሉ በሙሉ› በሉ። አፍራሽ ቃል ካለበት ‹ሙሉ በሙሉ አይደለም› ብላችሁ የቀረው ምን እንደሆነ ጻፉ፤ ‹ጨርሶ› ወይም ‹ፈጽሞ› ያላችሁ እንደሆነ የተረፈውን ሰው ገደላችሁት። ሐኪሙ ያልጻፈውን ደግሞ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ አትጨምሩለት። ቃሉ በደስታም በሐዘኔታም አይጻፍም።»

እሷ ራሷ ከዚህም አልፋ ሄዳለች። ሐኪሙ ቃሉን ጽፎት እንኳ ማስረጃው ካልተያያዘ ወረቀቱን ወደ ሐኪሙ መልሳ ትልካለች። አንድ አዲስ ሐኪም ተናዶ እስከ ካርድ ክፍል ወርዶ ነበር።

«ሰውየው እግሩ ተጠግኖ በደረጃ እየሮጠ ነው የወረደው። ሙሉ በሙሉ ድኗል ብትዪ ምን ይጎድልብሻል?»

«ራጁ የታለ?»

«በዓይኔ አየሁት እያልኩሽ!»

«ዓይንዎን ፋይል ውስጥ አላስገባውም፣ ዶክተር። ራጁን ይላኩልኝ።»

ጋሽ ማህተም መነጽሩን ወልውሎ፣ «ይሄኔ ስትሞትም» አለ፣ «መልአኩን ሙሉ በሙሉ መሞቴን በምን አወቅህ ብላ በር ላይ ታቆመዋለች።»

ይህን ጠባይ ከዩኒቨርሲቲ ያመጣችው የሚመስላቸው ነበሩ። ተሳስተዋል። ያመጣችው ከወንድሟ ነው።

እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ዘጠኝ፣ እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ያሳደጋት እሱ ነው፤ ቀለም እየቀባ። ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ እሱ የሚሠራበት ቤት ትሄድና ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጣ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እሱ አሮጌውን ቀለም ይፍቃል። ከቀለም መቀባቱ ይልቅ መፋቁ ነበር ጊዜውን የሚበላው። ቁምሳጥን የሚሸፍነውን፣ ማንም የማያየውን ጥግ ሳይቀር ፍቆ፣ በስቱኮ ደፍኖ፣ በመዳፉ ዳብሶ፣ ከዚያ ነው ብሩሽ የሚያነሳው።

«ጋሼ፣ እዚያ ጋ እኮ አይታይም» ትለዋለች።

«ለሰው አይታይም። እርጥበቱ ግን ያየዋል» ይላታል። «ትንሿ፣ ያልተፋቀ ላይ የቀባሁ ቀን ሌባ በይኝ።»

ሚስት አገባ፤ አንድ ወንድ ልጅ ወለደ። ልጁን እንደ እሷው በቆርቆሮ ላይ አስቀምጦ አሳደገው፤ ሙያውንም አስተማረው። አብረው አሥር ዓመት ሠሩ። ከዚያ አንድ ቀን፣ የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሲቀቡ፣ ልጁ ከታች ሆኖ ለአሠሪው በሹክሹክታ፣ «አባቴ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ለጣሪያው እኔን ብቻ ቢያዝዙኝ ይሻላል» አለው። ለአባቱ አስቦ ነው። አባትየው ግን መሰላሉ ላይ ሆኖ ሰማ። ወረደ፤ ብሩሹን አጥቦ ጨመቀ፤ «ከዛሬ ጀምሮ መሰላሌን እንዳትነካ» አለው። ልጁም እልኸኛ ነው፤ በአባቱ የወጣ። የስድስት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ርቆ ሄዶ የባቡር ፉርጎ የሚቀባበት ሥራ ያዘ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለእናቱ ይደውላል፤ «አባዬ ደህና ነው?» ይላል፤ እናቱ ስልኩን ወደ ባሏ ታዞራለች፤ ባሏ ወደ መስኮት ይዞራል።

እንዲህ እንዳሉ ነው ቀለም ቀቢው ምግብ እምቢ ያለው። መጀመሪያ የቀለሙ ሽታ ነው አሉ። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ሲገባ ግን እህቱ እጁን ይዛ እሷው ወደምትሠራበት ሆስፒታል አመጣችው። ሆዱ ውስጥ እጢ ተገኘ። ቀን ተቆርጦለት ተቀደደ።

በቀዶ ሕክምናው ማግሥት፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ወደ ካርድ ክፍል ወረደ። ፋይሉን በደረቱ ታቅፎ ነበር። ጋሽ ማህተም ፊቱን አይቶ፣ «እኔ ሻይ ልጠጣ» ብሎ ወጣ።

«በእጄ የማወጣውን አውጥቻለሁ» አላት ሐኪሙ። «ከደም ሥሩ ጋር የተጣበቀው ቀርቷል። ጉበቱም ላይ ዘልቋል። መድኃኒት ልስጠው ብል ሰውነቱ አይችለውም፤ ያለችውን ቀን ነው የምቀማው።»

«ስንት ቀን ናት?»

«ሁለት ወር። ቢበዛ ሦስት።» ፋይሉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። «የሚነግሩት እርስዎ ነዎት ወይስ እኔ ልንገረው?»

«እኔ እነግረዋለሁ።»

ወረቀቱን ገለጠችው። እጢው ወጥቷል ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ያቺ ቃል አለች፤ «ኮምፕሊትሊ»፤ ከፊቷ አፍራሿ ተቀምጣባት። ከዚያ የቀረው ምን እንደሆነ በዝርዝር ተጽፏል። ሐኪሙ አንዲት ነገር አላጓደለም። እንደዚያ ሆኖ ቢጻፍላት ስትመኝ የኖረችው ዓይነት ወረቀት ነበር።

የወንድሟን ሚስት ደረጃው ሥር አገኘቻት። ሴትዮዋ መዝጋቢዋን ስታያት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የመዝጋቢዋን ቀሚስ ጫፍ ያዘች።

«ነግረሽዋል?»

«ገና ነኝ፣ እትዬ።»

«እንዳትነግሪው። አፈር ስሆን እንዳትነግሪው! እሱን ታውቂዋለሽ፤ ከነገርሽው ዛሬውኑ ነው የሚሞተው። አንዲት ማንኪያ አይቀምስም። ሁለት ወሩን ፈገግ ብሎ ይኑርልኝ። ከአምላክ የጠየቅሁት ይሄን ብቻ ነው፤ አንቺ ትከለክይኛለሽ?»

«ይጠይቀኛል እኮ።»

«እሱማ ይጠይቃል። ድኗል በይው!»

ክፍሉ ስትገባ ቀለም ቀቢው ነቅቶ ጣሪያውን ይመረምር ነበር። «ማነው ይሄን የቀባው?» አላት በሰለለ ድምፅ። «አየሽ ያቺን ጥግ? አልፋቃትም። ሁለት ክረምት አትቆይም።»

«ዝም ብለህ ተኛ፣ ጋሼ።»

«ወጣ?»

«ወጣ።»

«ሁሉም?»

ልትመልስለት ስትል እጁን አንሥቶ ዝም በይ አላት። «ተዪው፣ በአፍሽ አትንገሪኝ። የሰው አፍ አላምንም፤ ሐኪሙም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄዷል። ያንቺን ወረቀት አምጪልኝ። አንቺ የፈረምሽበትን አምናለሁ።»

ወደ ካርድ ክፍል ወርዳ የጽሕፈት መሣሪያዋ ፊት ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ የለጠፈችው ወረቀት ፊት ለፊቷ ነው፤ አላየችውም፤ ቃል በቃል ታውቀዋለች። «እጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል» ብላ ጻፈች። አራት ቃል። የቀረውን ዝርዝር ሁሉ ዘለለችው። የቁስሉን አያያዝና የቀጠሮውን ቀን ግን በትክክል አስቀመጠች፤ እንዲያ ስታደርግ እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ ይሄ ነው በኋላ የገረማት።

ጋሽ ማህተም ሻዩን ጠጥቶ ተመለሰ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስተኛቸው። ጣቱ በእንግሊዝኛው ላይ ሄዳ ሄዳ አንድ ቦታ ቆመች። በሌላኛው ላይ የሚገጥማትን ፈለገች። አጣች። መነጽሩን አወለቀ።

«አንቺ ልጅ…»

«ምታበት፣ ጋሽ ማህተም።»

«እኔ ለእናቴ ይቺን ቃል ጻፊላት ብዬ ስለምንሽ እምቢ ያልሽኝ ሴት…»

«አውቃለሁ። ምታበት።»

ሽማግሌው ማህተሙን በቀለሙ ላይ ጫን አደረገው። ከመታ በኋላ እስከ ማታ አልቀለደባትም።

ወረቀቱ የሠራውን ሐኪም አይሠራውም። ቀለም ቀቢው አነበበው፤ ፊርማዋ ላይ ሲደርስ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። በሳምንቱ ተደግፎ ከአልጋ ወረደ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቤቱ ገባ። ሾርባውን ጨልጦ ድገሚኝ አለ። ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ያዘው፤ ጎረቤት ሊጠይቀው በመጣ ቁጥር እየዘረጋ ያሳያል።

«እንግዲህ ሐኪም ይዋሻል፤ ይዋሽ፤ ሥራው ነው» ይላቸዋል። «እህቴ ግን ይቺን ቃል ለንጉሥ እንኳ አትሰጥም። አያችሁ? ሙሉ በሙሉ! ፊርማዋ ያውና!»

ሰዎቹ ያደንቃሉ። እሷ ጥግ ላይ ሆና ሻዩን ታማስላለች። አንዳንድ ጊዜ ሚስትየው በዓይኗ ታመሰግናታለች፤ መዝጋቢዋ ያቺን ምስጋና መሸከም አቅቷት ዕቃ ልታነሣ ወደ ጓዳ ትገባለች። ግን ደግሞ፣ እውነቱ ይነገር፣ ደስም ይላት ነበር። ጉንጩ ላይ ትንሽ ሥጋ የተመለሰ ሲመስል፣ ሲቀልድ ስትሰማው፣ ደግ አደረግሁ ትል ነበር። የግድግዳዋን ወረቀት አንድ ቀን ልቅደደው ብላም አስባለች።

አምስተኛው ሳምንት አልፎ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከሥራ ወጥታ ብቅ ስትል በረንዳ ላይ ተቀምጦ የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ አገኘችው። ሁለቴ አሽቶ ያርፋል። የዓይኑ ነጭ ወደ ቢጫ ያደላ መሰላት፤ የማታው ፀሐይ ነው ብላ ራሷን አታለለች።

«ጋሼ፣ እኔ የምልህ…» አለችው። «ልጅህን ለምን አትደውልለትም? በዚሁ ምክንያት ብትታረቁ።»

«የበደለኝ እሱ፣ የምደውለው እኔ? እሱ ይምጣ።»

«እልኽ ነው እንጂ እኮ…»

«ይልቅ ልንገርሽ» አላት፤ ወንበሩን አስቀመጠው። «ለሚስቴም አልነገርኳትም። ሆስፒታል የገባሁ ሌሊት ቆርጬ ነበር። ክፉ ነገር ከሆነ፣ ቁስሌ እንኳ ሳይደርቅ አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤ ፉርጎ የሚቀባበት ድረስ እሄዳለሁ፤ ልጄ፣ እጄ እውነትህን ነው ይንቀጠቀጣል፣ ይኸው፣ እለዋለሁ ብዬ ነበር።» ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳያት። ይንቀጠቀጡ ነበር። ሳቀ። «እንዴት እንደምለው ሁሉ ሳጠና ነበር ያደርኩት። ኋላ ያንቺ ወረቀት መጣ። በቃ፣ ድኛለሁ፤ ጊዜ አለኝ። ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ምን ያስቸኩለዋል? ይበስል ትንሽ። በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ይመጣል።»

መዝጋቢዋ ተነሥታ ቦርሳዋን ያዘች፤ «ምነው፣ ሻይ ሳትጠጪ?» ሲላት ሥራ ረስቻለሁ አለች። እውነቷን ነበር።

ካርድ ክፍሉ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ደረሰች። ጋሽ ማህተም ኮቱን ለብሷል። የወንድሟን ፋይል ከመደርደሪያ አውርዳ የእንግሊዝኛውን ገጽ እንደ አዲስ መለሰችው፤ ከላይ እስከ ታች፣ የደም ሥሩን፣ ጉበቱን፣ መድኃኒት እንደማያዋጣ፣ ምንም ሳትዘል። ጋሽ ማህተም ኮቱን እንደለበሰ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። አስተያየ። መታ። «አብሬሽ ልሂድ?» አላት። «አይ» አለችው።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን ሰጠችው። ሚስትየው ገና በሩ ላይ ስታያት ገብቷት፣ «በሞትኩት! በሞትኩት!» እያለች ክንዷን ይዛ ልታስቀራት ሞክራ ነበር። ቀለም ቀቢው አነበበ። ከደረት ኪሱ ያቺን የተጣጠፈች ወረቀት አወጣና ጉልበቱ ላይ ጎን ለጎን አደረጋቸው፤ ልክ ጋሽ ማህተም እንደሚያደርገው።

«ይቺን ማን ጻፋት?»

«እኔ።»

«ያቺንስ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እኔ ነኝ የለመንኳት!» አለች ሚስቱ ከበሩ ሥር። «እሷን አትቆጣት፣ እግሯ ላይ ወድቄ ነው!»

«አንቺ መለመንሽ አይገርመኝም፤ ሚስቴ ነሽ» አላት። ዓይኑን ከእህቱ ላይ ግን አላነሣም። «የገረመኝ እሷ መስማቷ።»

ጮኾ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። አልጮኸም። «ይሄን ሁሉ ሰው አሳየሁት እኮ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ፣ «አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» ብሎ ጠየቀ።

የዕለቱ ሄዷል። ቅዳሜ ማለዳ ወሰደችው። የሥራ ጫማውን ነበር ያደረገው፤ ሌላው ጫማ እግሩ አብጦ አልገባ ብሎት። ጫማው ላይ የአርባ ዓመት ቀለም ተንጠባጥቧል። መናኸሪያው በሰው ተሞልቷል፤ ረዳቱ፣ «የሞላ! የሞላ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። ቀለም ቀቢው የአውቶቡሱን በር ብረት ጨበጠ። አንድ እግሩን አነሣ። ሁለተኛውን ማንሣት አቃተው። አራት ፎቅ በመሰላል ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው የአውቶቡስ ደረጃ ከበደው፤ ደረጃው ሦስት ነበር። «እስኪ ከኋላ ደገፍ አድርጊኝ» አላት። ደገፈችው። ረዳቱም እጁን ያዘው። ፊቱ በላብ ተጠመቀ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ በቀስታ፣ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሽዬ፣ በሚቀጥለው ይሂዱ፤ ነገም አለ» አለው ረዳቱ በደግነት።

ከዚያው ተወስዶ ሆስፒታል ተኛ። ልጁ ጋ የደወለችው እሷ ናት። በስልኩ ውስጥ የብረት ድምፅ ይሰማል፤ «አክስቴ፣ ፉርጎ ውስጥ ነኝ፣ አይሰማም!» ይላል፤ ደግማ ጮኻ መናገር ነበረባት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ጥፍሩ ሥር ያለው ሰማያዊ ቀለም ገና አልለቀቀም። አባትና ልጅ አራት ቀን አወሩ። ምን እንዳወሩ እሷ አታውቅም፤ በሩን ዘግታላቸው ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። አንድ ጊዜ ሳቅ ሰማች። አንድ ጊዜ ደግሞ የልጁን ልቅሶ።

በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ወንድሟ አስጠራት። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ በውሃ የራሰ ጥጥ አስነካችው።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አላት።

እግሩ ሥር ጎንበስ አለች።

«ቀና በይ። አንዴ ስሚኝ። ያቺን ቃልሽን ግን አልጨምርበትም» አለ። «ብጨምርልሽ አንቺው ትታዘቢኛለሽ። ሙሉ በሙሉ አይደለም። የቀረውን ምን እንደሆነ ልንገርሽ?»

«ንገረኝ።»

«ያ አምስት ሳምንት። እሱ ቀርቷል። እሱን የት ብዬ እንደምጥለው አላወቅሁም።» እጇን ግን አልለቀቀም። «አሁንም እወድሻለሁ፣ ትንሿ። እሱን እንደፈለግሽ ጻፊው።»

ከዚያ በኋላ አልተናገረም። አሥራ አንድ ቀን እያንቀላፋ ቆየ። ልጁ ማታ ማታ፣ እሷ ቀን ቀን አጠገቡ ተቀመጡ። በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋዱ ላይ ትንፋሹ ቆመ። ሰዓቱን አይታ ጻፈችው።

ከቀብር መልስ፣ ጎረቤቱ ተበትኖ ሚስትየው ከተኛች በኋላ፣ መዝጋቢዋ በረንዳው ላይ ከልጁ ጋር ቀረች። ገና ከሰዓት ነበር። ልጁ ዓይኑን ከወለሉ አነሣ።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናቴን ጠየቅኋት፤ አልቅሳ ተወችኝ። አንቺ ቀን አትረሺም። እንደማይድን ያወቅሽው መቼ ነው?»

ልትሸፋፍነው ትችል ነበር። በዚያ ሰሞን ነው፣ ልቤ ጠርጥሮ ነበር፣ ምናምን ማለት ይቻላል። ሰው የሚለው ነው። እሷ ግን ከእንግዲህ እንደዚያ ያለ ነገር ከአፏ ሊወጣ አልቻለም።

«ማክሰኞ። በተቀደደ በማግሥቱ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ።»

«ለእሱ የነገርሽውስ?»

«ዓርብ ጠዋት። አንተ እሑድ ከመምጣትህ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ።»

ልጁ ጥፍራቸው ሰማያዊ የሆነ ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ። አንድ ጊዜ ቆጥሮ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። እሷ ቁጥሩን ታውቀዋለች።

«ሠላሳ ስምንት ቀን» አለ።

«አዎ።»

«አባዬ አራት ቀን አወራኝ።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አርባ ሁለት ይሆን ነበር።»

በሕይወቷ ሙሉ የሰው ወረቀት ስታርም የኖረች ሴት ናት። ይሄን ደጋግማ ደመረችው። የምታርመው ነገር አላገኘችበትም።